የዳጉሴ ዐይን

በ2091 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሐያት እንድሪስ በኮምቦልቻ ድመት መዛኝ ሆና ከተቀጠረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። በየወሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ታንኳኳለች። ቦርሳዋን በሩ አጠገብ ታስቀምጣለች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ድመቱን ትቀበላለች፣ ትመዝናለች፣ ትለካለች፣ ለባለቤቱ ትመልሳለች። አንድ ቤት ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ሥራው አይከብድም። የሚከብደው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥር ላይ፣ ነጥብ የሚሰጥበት ሳምንት ነው።

በከተማው እንዲኖር የሚፈቀድለት የድመት ዘር አንድ ብቻ ነው፤ ዳጉሴ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጸጉሩ ነው። ጸጉሩ አጭርና ከቆዳው የተጣበቀ ሲሆን እያንዳንዷ ዘለላ ከሥሯ ነጣ፣ ከመሐሏ ቀላ፣ ከጫፏ ጠቆር ትላለች። ከሩቅ ላየው ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዳጉሳ ይመስላል። ጆሮው ትልቅና ንቁ ነው፤ አንገቱ መለሎ፣ እግሩ ቀጭን፣ ጅራቱ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ የግድግዳ ጎረቤት አይሰማውም። ጭን ላይ መተኛት አይወድም፤ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ቤቱን ከላይ ማየት ነው የሚወደው። ከቤቱ ሰው አንዱን ይመርጣል፤ አንዴ ከመረጠ አይለውጥም። ይህ ሁሉ በመመዘኛው ላይ በሃያ ሦስት ተራ ቁጥር ተጽፏል።

መመዘኛው ከመቶ ነው። ከሰማንያ አምስት በታች ያገኘ ድመት ይነሳል። ጠዋት ይወሰድና ከሰዓት በኋላ ሌላ ይመጣል። ብዙ ሰው ለአዲሱም የቀድሞውን ስም ያወጣለታል። ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ለጥቂት ቀናት እርባታ ጣቢያ ይገባል፤ የሚመጡት ግልገሎች ከእሱ ይወለዳሉ። የተነሱት ወዴት እንደሚሄዱ ሐያት ጠይቃ አታውቅም። በተቀጠረች ሰሞን አንድ ነባር መዛኝ "እሱን አትጠይቂ" ብሏት ነበር። አልጠየቀችም።

ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖ ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ድመት ይሰጠዋል። አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ ቅጹ ግን ረጅም ነው። በዚህ የተነሳ የሐያት ደንበኞች አብዛኞቹ አዛውንቶች ነበሩ። ከነሱም መካከል ከሁሉ የምትቀርባቸው በብሎክ ዘጠኝ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አባባ ኤልናታን ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከባድ መኪና በእጃቸው ከነዱት የመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ጅቡቲ ሠላሳ ዓመት ተመላልሰዋል። ድመታቸውን "ተሳቢ" ብለውታል፤ በሄዱበት ሁሉ ከኋላቸው አይጠፋም። ተሳቢ ሦስት ዓመት በተከታታይ ዘጠና ሰባት ነጥብ አግኝቷል። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብተው ከአልጋቸው ትይዩ ሰቅለውታል።

የዚያን ኅዳር ሐያት ስትገባ በሩ አጠገብ ሁለት ጀሪካን ውኃ ተቀምጦ ነበር፤ የብሎኩ የውኃ ፈረቃ በዚያ ቀን ነው የዋለው። ቦርሳዋን የምታሳርፍበት ስታጣ መተላለፊያው መሐል አስቀመጠችው። አባባ ኤልናታን ከማዕድ ቤት ተሳቢን ጠሩት። ድመቱ ከቁም ሣጥኑ ራስ እንደ ልማዱ ዘለለ፣ በሁለት እርምጃ መተላለፊያው ላይ ደረሰ፣ ቦርሳው ላይ በግንባሩ ተላተመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጭ አለ። ከዚያ አፍንጫውን አስቀድሞ ቦርሳውን ዳር ዳሩን እያሸተተ ዞረው።

"ዛሬ ምን ነክቶታል?" አለች ሐያት።

"ከእንቅልፉ አሁን መንቃቱ ነው" አሉ አባባ ኤልናታን፣ ንግግሯን ሳታበቃ።

ሐያት ድመቱን መዘነች፤ አራት ኪሎ ተኩል። ጆሮውን፣ ጅራቱን፣ አንገቱን ለካች። በመጨረሻ መብራቷን አወጣች። ከሃያ ሦስቱ ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ የያዘው የዐይን ብርሃን ነው፤ አሥራ አምስት ነጥብ። መብራቱ ዐይኑ ላይ ሲበራ ከዐይኑ የሚመለሰው ብርሃን ይለካል። የተሳቢ ዐይን እንደ ወርቅ አበራ፤ መሣሪያው አሥራ አምስት አለ። ሐያት ከዚያ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አንድ ነገር አደረገች፤ መብራቱን አጥፍታ ጣቷን በድመቱ ፊት ቀስ ብላ ከግራ ወደ ቀኝ አሳለፈች። የተሳቢ ዐይን ባለበት ቀረ።

መብራቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰላም ብላ ወጣች።

አንድ ፎቅ ወርዳ ቀጣዩን ቤት ስታንኳኳ በሩ አጠገብ ሰፊ ቦታ ነበር። ቦርሳዋን ግን መሐል መንገድ ላይ አስቀመጠችው። ያ ድመት ዘሎ አለፈ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ተላተመ። ወሩ እስኪያልቅ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት እንዲሁ አደረገች። ሃምሳ ስምንት ድመቶች ተላተሙ። ነገሩን ለማመን ስላልፈለገች የሦስት ዓመቱን መዝገብ አውጥታ አመሳከረች። ከሃምሳ ስምንቱ ሃምሳ አንዱ በዐይን ብርሃን አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት ያገኙ ናቸው።

ነገሩ የገባት የዚያን ጊዜ ነው። የሚያይ ዐይን ብርሃኑን ለራሱ ያስቀረዋል፤ የማያይ ዐይን መልሶ ይተፋዋል። ቀጥሮ የሚያሠራት የድመት መዝገብ ቤት ለአርባ ዓመት አጥብቆ የሚያበራውን ዐይን እየመረጠ ወደ እርባታ ሲልክ ኖሯል። ከአርባው ዓመት አሥራ ዘጠኙን የመረጠችው እሷ ናት።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ባምላክ ይባላል። ከሐያት በአሥራ አንድ ዓመት ያንሳል፤ አለቃዋ ቢሆንም እትዬ ሐያት ነው የሚላት። ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋችና ነገረችው።

"ስንት ናቸው?" አላት።

"ሃምሳ ስምንት።"

"ነጥባቸውስ?"

"ሁሉም ከዘጠና አምስት በላይ ናቸው።"

"እንግዲያው ጥሩ ድመቶች ናቸው።"

"አያዩም፣ ባምላክ።"

መመዘኛውን ከፍቶ ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት በጣቱ ወረደ። የዐይን ቅርጽ አለ። የዐይን ቀለም አለ። የዐይን ብርሃን አለ። "ማየት የሚል የለም" አለ።

"ስለሌለ እኮ ነው የመጣሁት።"

ባምላክ መመዘኛውን ዘጋው። "እትዬ ሐያት፣ ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ የቆላ ከተማ የማይሰሙ ድመቶች ተገኙ ተብሎ ተጻፈ። የዓመቱ ነጥባቸው ገና ስላልጸደቀ አራት መቶ ድመት በሁለት ቀን ተነሳ። መመዘኛው አንድ ፊደል አልተነካም። ካልሽኝ እጽፈዋለሁ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው።"

"ባትጽፈውስ?"

"ካልጻፍኩት አልነገርሽኝም።"

ሐያት ተነሳች። "አልነገርኩህም" አለችው።

ቤቷ ስትገባ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ዘሃራ ፊቷን አይታ ምን ሆንሽ አለቻት። ራሴን አሞኛል አለች። በዚያ ሳምንት የሚበጃትን ስታወጣና ስታወርድ ከረመች። ብትናገር ሃምሳ ስምንት ሽማግሌና አሮጊት አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ይንኳኳል። ዝም ብትል የሚቀጥሉት ግልገሎች ከሃምሳ ስምንቱ ይወለዳሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በከተማው የሚያይ ድመት አይኖርም። ሁለቱንም አልፈለገችም። የፈለገችው ድመቶቹ ከቤታቸው ሳይወጡ፣ እርባታ ጣቢያም ሳይገቡ እንዲኖሩ ነው። ከሰማንያ አምስት በላይ፣ ከዘጠና አምስት በታች።

ጥር ሲመጣ መብራቱን ሁለት ጣት ያህል ዘወር አድርጋ መያዝ ጀመረች። መሣሪያው ከአሥራ አምስት ፋንታ አራት ያነባል። ዘጠና ሰባት የነበረው ሰማንያ ስድስት ይሆናል። ከፍ ያለ ነገር አልነበረም፤ የእጅ አንጓ መጠምዘዝ ብቻ ነው። ለሚያዩት መብራቱን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ሰማንያ ስምንት ካለ ሰማንያ ስምንት ጻፈች፣ ዘጠና አምስት ካለ ዘጠና አምስት። አላፋፋችም። ከላይ የነበሩት ሲወርዱ ጣቢያው የሚወስዳቸው ሲያንሱበት ከዘጠና አምስት በታች ያሉትንም ማየት ጀመረ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቁጥር አዛብታ የማታውቅ ሴት ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቤቶች እንደጨረሰች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ አራተኛውን አንኳኳች።

ባለቤቶቹ ግራ ገባቸው። "ምን አጎደለብሽ?" ይሏታል። "ዕድሜ ነው" ትላለች። አንዲት አሮጊት ድመቷን ታቅፋ፣ ድመቱ ለመውረድ እየታገለ፣ "እኔን አይተሽ ነው ወይስ እሱን?" አለቻት። አባባ ኤልናታን ግን ምንም አልጠየቁም። ቁጥሩን ሁለቴ አነበቡት። ሐያት ከወጣች በኋላ በመስታወት ያለውን ወረቀት ከግድግዳው እንዳወረዱት በሚቀጥለው ወር ስትመጣ አየች፤ ቦታው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ሻይ ልጣድልሽ ማለታቸውን ተዉ። ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ድመቱን ይሰጣሉ፣ ድመቱን ይቀበላሉ።

ነሐሴ ላይ ከእርባታ ጣቢያው ሃያ ሁለት ግልገሎች መጥተው ለአዳዲስ ባለቤቶች ታደሉ። ሐያት ስድስት ወር እስኪሞላቸው ድረስ በየቤታቸው ቦርሳዋን መንገድ ላይ እያስቀመጠች ጠበቀች። ካለፈው ዓመት ግልገሎች በዚያው ዕድሜ ከአራት አንዱ ይላተም ነበር። ከሃያ ሁለቱ ሃያ አንዱ ዘለው አለፉ። አንዷ ቦርሳው ላይ ወጥታ ዚፑን በጥርሷ ለመክፈት ታገለች፤ ባለቤቷ ይቅርታ እያለ ሊያነሳት ሲል ሐያት "ተዋት፣ ትክፈተው" አለችው።

ቀጣዩ ጥር ደረሰ። ለተሳቢ ሁለተኛ ጊዜ ሰማንያ ስድስት ጻፈች። በዚያው ሳምንት በብሎክ ዘጠኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ጆሮው ትንሽ ያነሰና ሁልጊዜ ዘጠና አንድ የሚያገኝ ድመት ለእርባታ ተመረጠ። ወሬው በአሳንሰሩ ሰባተኛ ፎቅ ደረሰ። አባባ ኤልናታን በማግስቱ ዘንጋቸውን ይዘው መዝገብ ቤት ሄዱና አቤቱታ አስገቡ። "ድመቴ እንደገና ይመዘንልኝ፤ በሌላ ሰው" ይላል።

ሌላ መዛኝ ከሌላ ከተማ መጣ። መብራቱን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ዘጠና ሰባት። ነገሩ ሲገርመው አሥር ቤት ጨምሮ መዘነ፤ በስድስቱ ልዩነት አገኘ። በሳምንቱ ሐያት እጅ ላይ ደብዳቤ ደረሰ። ነጥብ በማዛባት ተከሳ የካቲት ስምንት ቀን ጠዋት ከዋናው መዝገብ ቤት በሚመጣ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ደብዳቤውን የሰጣት ባምላክ ነው። እሷን ሳያይ ጠረጴዛውን እያየ ነበር የሰጣት።

ቅዳሜ ከሰዓት ብሎክ ዘጠኝ ሄደች። ጓንት አልያዘችም፣ ቦርሳም አልያዘችም። አባባ ኤልናታን ከፍተው ሲያዩዋት ከበሩ ፈቀቅ አላሉም።

"ቅዳሜ ደግሞ ትመዝኛለሽ እንዴ?"

"ልመዝን አልመጣሁም፣ አባባ። ካስገቡኝ ልቀመጥ ነው።"

አስገቧት። ተሳቢ ከቁም ሣጥኑ ላይ ጆሮውን ወደ ድምጿ አዞረ።

"ከሰስኩሽ" አሉ አባባ ኤልናታን ተቀምጠው። "ሰምተሻል መሰለኝ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ምን በድዬሽ ነው? ይህን ብቻ ንገሪኝ። በአሥር ዓመት አንድ ቀን በርዎን ለምን ዘጉብኝ ያልሽኝ ነገር አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ሰማንያ ስድስት ምንድን ነው? እኔ ይኼን ቁጥር አውቀዋለሁ። አንድ ነጥብ ወርዶ ሰማንያ አምስት፣ ሌላ አንድ ወርዶ ደህና ሁን። ገደል አፍ ላይ ጎማ እንደማቆም ነው። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የለኝም፤ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱት መጡ እላለሁ። የአቤቱታ ወረቀት የጻፍኩት ወጉን ፈልጌ መስሎሽ ነው? ዘጠና ሰባት ከሆነ ማንም አይነካውም ብዬ ነው።"

ሐያት ይህን አላሰበችም ነበር። ሰማንያ ስድስትን የመረጠችው መብራቱ አራት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ቁጥር ስለሆነ ነው። ትንሽ ቀነስ አድርጋ ብታዞረው ዘጠና ይሆን ነበር፤ ዘጠናም ይበቃ ነበር። ሃምሳ ስምንት ሰው ዓመት ሙሉ ገደል አፍ ላይ አስቀምጣለች።

"አባባ፣ ዘጠና አምስት ከሆነ እርባታ ይወስዱታል" አለች። "እኔ እርባታ እንዳይገባ ነው የፈለግሁት።"

"ለምን?"

"ተሳቢ አያይም።"

አባባ ኤልናታን ተሳቢን ጠሩት። ድመቱ ከቁም ሣጥኑ ወረደ፤ ከቁም ሣጥን ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ዳር አራት እርምጃ፣ ከዚያ እግራቸው ሥር። አንዲቱንም አልሳተም።

"መቼ አወቅሽ?" አሉ።

"አምና ኅዳር ላይ። እርስዎስ?"

"እኔማ ሦስት ዓመት አለፈኝ።" ጎንበስ ብለው ጀርባውን ዳሰሱት። "ያቺን ወንበር አይተሻት ታውቂያለሽ? ከሦስት ዓመት ወዲህ ስንዝር አላንቀሳቀስኳትም። የልጄ ልጅ መጥቶ ቤቱን እናስውበው ሲለኝ ተጣላሁት። ምንጣፉን በሚስማር መትቼዋለሁ። ከእንቅልፉ አሁን መንቃቱ ነው ያልኩሽ ቀን ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ያወቅሽ መስሎኝ ነበር።"

"አውቄ ነበር።"

"አይ አንቺ" አሉ። ከዚያ ተነስተው ሻይ ጣዱ።

ሐያት የቀረውን ነገረቻቸው፤ ስለ ሃምሳ ስምንቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሃያ አንዱ ግልገሎች። አባባ ኤልናታን ማንቆርቆሪያውን አይተው እሳቱን እየቀነሱ አዳመጡ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ነጥቡ ከሰማንያ አምስት በላይ ሆኖ የጸደቀን ድመት ማንሳት የሚችል ሕግ አለ?"

"የለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሃያ ዓመት የሠራሁበት ሕግ ነው።"

"እንግዲያው ማክሰኞ ዕለት እኔም እመጣለሁ" አሉ።

የካቲት ስምንት ማክሰኞ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ሰብሳቢዋ ዶክተር ናርዶስ የሚባሉ፣ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ባምላክ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሐያት ክሱ ሲነበብላት ቆማ ሰማች።

"ነጥቦቹን አዛብተሻል?"

"አዎ።"

"በስህተት ነው?"

"አይደለም። መብራቱን አውቄ ነው ያዞርኩት። የሃምሳ ስምንት ድመቶችን፣ በሁለት ጥር።"

ምክንያቷን ስትጀምር ከኮሚቴው አንዱ፣ ጉዳዩ የመዝገብ ትክክለኛነት እንጂ የድመት ጤና አይደለም ብሎ አቋረጣት። በዚህ ጊዜ አባባ ኤልናታን ከኋላ ወንበር ተነሱ። በክንዳቸው ላይ ክዳን ያለው ቅርጫት አንጠልጥለዋል።

"አቤት ባዩ እኔ ነኝ" አሉ። "የኔ ድመት ነጥብ ስንት ሆኖ ጸደቀ? ለመዝገቡ ይነበብልኝ።"

ዶክተር ናርዶስ ወረቀት ገለጡ። "ዘጠና ሰባት።"

"የመጨረሻ ነው? ከእንግዲህ ወዲህ የሚለውጠው የለም?"

"ለዚህ ዓመት የመጨረሻ ነው።"

"በዘጠና ሰባት ነጥብ ድመት ይነሳል?"

"አይነሳም።"

"ይጻፍልኝ።"

ተጻፈ። አባባ ኤልናታን ቅርጫቱን መሬት አስቀምጠው ከፈቱት። ተሳቢ ወጣ። ከቤቱና ከእርባታ ጣቢያው ሌላ ቦታ ረግጦ የማያውቀው ድመት አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ሁሉም መመዘኛው ላይ እንደተጻፈው ሆኖ ቆመ። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያምር እሱ ነበር። ሦስት እርምጃ ሄዶ የጠረጴዛውን እግር ገጨ። ተመለሰ። ሌላ ወንበር ገጨ። ከዚያ ባለበት ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ መጣራት ጀመረ። አባባ ኤልናታን ስሙን ሲጠሩት በድምፃቸው አቅጣጫ ተንፏቀቀ፤ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ተላተመ። አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉት። መታቀፍ የማይወደው ድመት ዝም ብሎ ታቀፈ።

ዶክተር ናርዶስ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጡ። መብራት አምጡልኝ አሉ። ባምላክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። የተሳቢን ዐይን አበሩበት። አሥራ አምስት። የእጃቸውን መዳፍ ፊቱ ላይ አሳለፉ። እንደገና አሳለፉ። መብራቱን አጠፉት።

"ይህን ነጥብ መመዘኛው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አሉ። ለማን እንደሚናገሩ ግልጽ አልነበረም። "ያኔ ሥራ ጀማሪ ነበርኩ። የሚያበራው ዐይን ጤነኛ ይመስል ነበር።"

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ተነገረ። ተሳቢ ከባለቤቱ ጋር ይቆያል፤ እርባታ ጣቢያ አይገባም። የዐይን ብርሃን ነጥብ ለጥናት ተመርቷል። ሐያት እንድሪስ ሐሰተኛ ነጥብ በማስመዝገቧ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ተሰናብታለች። የቀሩት ሃምሳ ሰባት ድመቶች አልተነሱም፤ ቢመዘኑ ሁሉም ከዘጠና በላይ ናቸውና የሚያነሳቸው አንቀጽ አልተገኘም።

"ጥናቱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለች ሐያት።

"አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል" አሉ ዶክተር ናርዶስ። "ከዚያ ያነሰ እንዲሆን እጥራለሁ።"

"በአምስት ዓመት ጣቢያዎቹ አሥር ጊዜ ያራባሉ።"

"አውቃለሁ" አሉ ዶክተር ናርዶስ።

ሐያት መታወቂያዋን ለባምላክ አስረከበች። በማግስቱ እህቷ ዘሃራ የምትሠራበት የበርበሬ ወፍጮ ቤት ገባች። ሥራው ሚዛን ላይ መቆም ነው፤ ሚዛን ታውቃለች። በየሐሙሱ ከሰዓት ብሎክ ዘጠኝ ትወጣለች። ከአባባ ኤልናታን ጋር ሆና የሃምሳ ሰባቱን ባለቤቶች አንድ በአንድ እየዞረች ነገረቻቸው፤ ለምን ነጥባቸው እንደወረደ፣ ምን እንደደበቀቻቸው። አንዳንዶቹ ሰደቧት። አንዷ በሩን ዘጋችባት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን ከእሷ በፊት ያውቁ ነበር፤ እነሱም ዕቃቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ነበር የኖሩት። ከዚያ ወዲህ አዲሱ መዛኝ ጥር ላይ ሲመጣ ብዙዎቹ ድመታቸው ለእርባታ እንዳይወሰድ በጽሑፍ ተቃወሙ። እንዲህ ያለ ቅጽ መኖሩን ያገኙት አባባ ኤልናታን ናቸው፤ አሥራ አራት ገጽ ነው።

ግንቦት ላይ፣ ፀሐይ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ በምታነድበት ሰዓት፣ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ሐያት እንድሪስን አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፌቨን እባላለሁ፣ የደሴ መዛኝ ነኝ አለች። በርበሬው ቢያስነጥሳት ሁለቱም ወደ ጓሮ ወጡ።

"ያንቺን ነገር ሰማሁ" አለች ፌቨን። "ቤት ለቤት ስሄድ ቦርሳዬን መንገድ ላይ አስቀመጥኩ። ሰባ አራት አገኘሁ። ለጥር ስምንት ወር አለኝ። መብራቱን እንዴት እንደምትይዢው አሳዪኝ።"

ሐያት እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እሱን በአምስት ደቂቃ አሳይሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰባ አራቱን ቤት ሄደሽ ለባለቤቶቹ ንገሪ።"

ፌቨን ፊቷ ተለወጠ። "ለሁሉም? አንዱ ሄዶ ቢናገርብኝስ?"

"ይናገርብሽ ይሆናል" አለች ሐያት። "እኔን ያስባረረኝ ግን ያልነገርኩት ሰው ነው።"